ይሄ ምንድን ነው?

ልጁን “ይሄ ምንድን ነው?” ብዬ ሰባት ጊዜ ጠየቅኩት። የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም። ልጁ ከተኛ በኋላ አባቱ ነው እየሳቀ የነገረኝ። መምህር ስለሆነ ይቆጥራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋምቤላ ከተማ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር እራት የምበላበት ቤት አለኝ። አባወራው የቆየ ወዳጄ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ አኝዋክ ነው። አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለው። ልጁ አይናገርም። ይስቃል፣ ያንጎራጉራል፣ የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ እያሽከረከረ ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ስሙን ሲጠሩት ብዙ ጊዜ አይዞርም። ኦቲዝም ነው።

ባዶ እጄን ላለመሄድ ከአዲስ አበባ ሁለት የልጆች መጽሐፍ ይዤ ነበር። አንደኛው ገጹ ወፍራም፣ በየገጹ አንድ ሥዕልና አንድ የአማርኛ ቃል ያለበት ነው። ከእራት በፊት ምንጣፉ ላይ ልጁ አጠገብ ቁጭ አልኩና ከፈትኩለት። ዓሣ። “ይሄ ምንድን ነው?” ዝም። ድመት። “ይሄስ ምንድን ነው?” ዝም። አፕል፣ ወይን፣ ባቡር። ጋምቤላ ውስጥ የትኛው ልጅ ባቡር አይቶ ያውቃል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም፤ እሱን ነው የጠየቅኩት። ሰባተኛው ላይ ልጁ ተነሣ፣ የምንጣፉ ጫፍ ድረስ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠኝና ክዳኑን ማሽከርከር ጀመረ። እናቱ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። እኔም መጽሐፉን አጥፌ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመርኩ። ጋምቤላ ውስጥ ወሬ ለጠፋበት ሰው ሙቀቱ ሁሌም አለ።

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩም። የሁላችንም ነው።

አስቀድሜ ግን ይህ ቤት እንዴት ወደ መጽሐፍ እንደመጣ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ወላጆቹ ልጁን ይዘው በአውቶቡስ፣ በመቱ በኩል፣ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ነበር። 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ባለሙያ ልጁን አይተው ኦቲዝም መሆኑን ነገሯቸው። ስማቸውንም የሚሠሩበትንም ቦታ ልተወው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ምክር ሰጡ። አንደኛው፣ “መጽሐፍ አንብቡለት” የሚል ነው። ሁለተኛው፣ “ሁለት ቋንቋ እያደናገረው ስለሆነ በአማርኛ ብቻ አናግሩት” የሚል ነው።

እነዚህን ሁለት ምክሮች እዚያ ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ እዩአቸው። የልጁ እናት አማርኛ ትሰማለች። ገበያ ላይ ትከራከርበታለች፣ ታተርፍበታለችም። ልጅ ማባበል ግን በአማርኛ አልተማረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጇ የምትናገረው “ና”፣ “ብላ”፣ “ተው” ሆኖ ቀረ። ዘፈኑ ቀረ፣ ቀልዱ ቀረ፣ ከራሷ ጋር የምታወራ መስላ ለሱ የምታወራው ሁሉ ቀረ። አባትየው ማታ ማታ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል፣ ያነባል፣ ይጠይቃል፤ ልጁ ይሸሻል። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ አንድ ነገር ጨመረ፤ “ለልጁ መድኃኒት ፍለጋ ሄደን እናቱን ዲዳ አድርገናት ተመለስን።”

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲጠይቃችሁ ምን ይሰማችኋል? እኔ ዓሣ መሆኑን አውቃለሁ። ልጁም እኔ እንደማውቅ ያውቃል። ታዲያ ለምን እጠይቃለሁ? እሱ ማወቁን ለማወቅ ነው። ይህ ደግሞ በአማርኛ ስም አለው፤ ፈተና ይባላል። እኛ አገር መጽሐፍና ፈተና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጋቡ ናቸው። አብዛኞቻችን መጽሐፍ የከፈትነው ሰው ሊጠይቀን ስለሆነ ነው፤ የዘጋነውም ጠያቂው ስለጨረሰ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ መጽሐፍ ያልነካ ስንት ሰው እንዳለ አንባቢዬ ዙሪያህን ተመልከት። ይህን ልማድ ይዘን ነው ልጅ አጠገብ የምንቀመጠው።

ለሌላው ልጅ ፈተናው ቢያሰለቸው እንጂ አይጎዳው ይሆናል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ነገሩ ይለያል። ለምን እንደሚለይ ልሞክር።

አንድ ሕፃን የመጀመሪያ ዓመቱን በሚያከብርበት ሰሞን ጣቱን ወደ ወፍ ይቀስርና ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። “አየሽልኝ?” ማለቱ ነው። እናቱም “አዎ፣ ወፍ!” ትላለች። ሦስት ነገር አለ፤ ልጁ፣ እናቱና ወፏ። ቋንቋ የሚበቅለው እዚህ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፣ ወይም እኛ በማናውቀው መልክ ይመጣል። ልጁ ወፏን ያያል፤ አብራችሁት እያያችሁ እንደሆነ ግን ላያስተውል ይችላል፣ ወይም በአንድ ጊዜ ወፏንም እናንተንም መያዝ ይከብደዋል።

መጽሐፍ እዚህ ላይ ነው ትልቅ ነገር የሚሆነው። የመጽሐፍ ወፍ አይበርም። ነገም እዚያው ገጽ ላይ፣ እዚያው ጥግ፣ በዚያው ቀለም ይጠብቃል። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች የማይለዋወጥ ነገር ይወዳሉ፤ መጽሐፍ ደግሞ ቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የማይለዋወጥ ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ ሳይቻኮሉ የሚገናኙበት ቦታ ሊሆን ይችላል። እኔ ያደረግኩት ግን እዚያ መገናኛ ቦታ ላይ ኬላ ማቆም ነው። መልስ ያለው ይለፍ፣ መልስ የሌለው ይመለስ። ልጁ ተመለሰ።

ይህን እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ግሮቨር ኋይትኸርስት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት፣ ወላጅ እያነበበ ልጁ ዝም ብሎ ከሚሰማ ይልቅ ልጁ ተራኪ፣ ወላጁ አድማጭና አጋዥ ሲሆን የልጁ ቋንቋ በተሻለ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ዘዴው በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ሲወሰድ ግን እንዳለ አልሠራም፤ መለወጥ ነበረበት። በ2010ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ሪኮል የሚባለው አካሄድ ለምሳሌ፣ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲጠብቅ፣ መልሱን በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕል ካርድ እንዲቀበል፣ ከምንም በፊት ልጁ ከመጽሐፉ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ መጽሐፉ እንዲመላለስ መርዳትን ያስቀድማል። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ውጤቱም ተስፋ ሰጪ እንጂ ተአምር አይደለም። ግን ከሁሉም የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው፤ መጀመሪያ አብሮ መሆን፣ ጥያቄ በኋላ።

ለነገሩ ይህን ለመማር አሜሪካ መሄድም አያስፈልግም ነበር። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ “ይሄ ምንድን ነው?” ብለው አይጀምሩም። መጀመሪያ ራሳቸው ይላሉ። ልጁ ይከተላል። ያው ድምፅ፣ በያው ዜማ፣ መቶ ጊዜ። አለንጋውን ትተን (አለንጋውን በደንብ እንተወው!) ቅደም ተከተላቸው ትክክል ነበር፤ መጀመሪያ ይሰጣሉ፣ ቆይተው ይጠይቃሉ። እኛ ዘመናዊዎቹ መስጠቱን ረስተን ጥያቄውን ብቻ ይዘን ቀረን።

አሁን ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ልለፍ። ይዤው የሄድኩት “ቂሉ ማሞ”ን ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከአገራችን ተረት ወስደው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት በሥዕል ያጌጠ መጽሐፍ ነው። አቶ ዮሐንስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ፣ ከመላው ዓለም የመጡ የልጆች መጻሕፍት በሞሉበት መደርደሪያ ላይ የአገራቸውን ልጆች የሚመስል በማጣታቸው ነው ወደዚህ ሥራ የገቡት። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ ልጆች የሠራውን የሚያህል የሠራ ሚኒስቴር ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

የተረቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ማሞ የእናቱን ምክር ይሰማል፤ ግን ትናንት ለትናንቱ ነገር የተነገረውን ዛሬ፣ ቃል በቃል፣ ቦታው ባልሆነ ቦታ ይፈጽመዋል። ተረቱ በብዙ አገር ዘመድ አለው። እንግሊዞች “ሰነፉ ጃክ” በሚሉት ልጁ የተከፈለውን ሳንቲም ይጥላል፤ እናቱ “ኪስህ ውስጥ መክተት ነበረብህ” ትለዋለች። በማግስቱ ወተት ሲከፈለው ኪሱ ውስጥ ይጨምረዋል። እኛ ይህን ስንሰማ ከልጅነታችን ጀምሮ ስቀናል።

በሁለተኛው ማታ ወዳጄ መጽሐፉን እያነበበ ለሚስቱ በአኝዋክኛ ተረጎመላት። በአማርኛው ገጽ ማለፍ ስላልቻለ እንጂ ምክሩን ጥሶ አይደለም። እሷ ሰማች፣ አልሳቀችም። ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ወዳጄ ወደኔ ዞሮ ተረጎመልኝ።

“ልጁ ምን አጠፋ? ያለችውን ነው ያደረገው።”

እኔ ይህን ተረት ስንት ዓመት አውቀዋለሁ! እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም። “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” የሚለው ተረታችን እንኳ ማሞን አይመለከተውም፤ ማሞ አንድም ቀን እምቢ አላለም። ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰደ፤ ያ ብቻ ነው። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ጋር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብዙዎቹ የተባለውን እንደተባለ ይወስዳሉ፤ አንድ ቦታ የተማሩትን ደንብ ወደ ሌላ ቦታ ሲወስዱት ይቸገራሉ። ማሞ ኦቲዝም አለበት እያልኩ አይደለም፤ የተረት ሰው አይመረመርም። የምለው፣ ያቺ እናት መጽሐፉን እንደ ተቺ አነበበችው ነው። ፊደል በመቁጠር ከሆነ እኔ እበልጣታለሁ። ከገጹ ምን እንደሚወጣ በማየት ግን እሷ በለጠችኝ። በተረቱ ውስጥ ቂሉ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ምክሩን ሁሌ አንድ ቀን አዘግይቶ የሚሰጠው ይመስለኛል። እኛም ለእነዚህ ልጆች ወላጆች የምንሰጠው ምክር እንደዚያ ነው፤ ለሌላ ቤት፣ ለሌላ ቀን የተነገረ።

ተቺዋ በዚህ አላበቃችም። ባሏን አንድ ነገር ብላ የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ ያን ወፍራሙን፣ አነሣችና ልጁ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎኑ። ዓሣው ገጽ ላይ ከፈተችው። አልጠየቀችውም። በቋንቋዋ ለራሷ የምታወራ ይመስል ማውራት ጀመረች። በኋላ እንደተነገረኝ ስለ ዓሣው ነው፤ ከባሮ እንደመጣ፣ አጎቱ እንደያዘው፣ ማን እንደበላው። በመሀል አንዲት አጭር ዜማ አለቻት። ከዚያ ዝም። ልጁ ክዳኑን ያሽከረክራል። እንደገና ያቺው ዜማ። ዝም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ክዳኑ ቆመ። ልጁ ሳያያት እጁን ዘረጋና ገጹን መታ። እሷም ዜማዋን አለች። እንደገና መታ። እንደገና አለች። ዓሣው ላይ ሩብ ሰዓት ቆዩ። አፕሉ፣ ወይኑና ባቡሩ ጋ አልደረሱም።

ልብ በሉልኝ፤ ልጁ አልተናገረም። ዓይኗን እንኳ ያየው አንዴ ይሁን ሁለቴ እንጃ። ታሪኩን አሳምሬ “ከዚያም ልጁ ‘እማ’ አለ” ብዬ ብጨርሰው አንባቢ ያለቅስ ነበር፤ ግን አላለም። የሆነው ይህ ነው፤ አንድ ልጅና እናቱ አንድ ገጽ ላይ፣ በፈቃዳቸው፣ አብረው ቆዩ። ከስንት ወር በኋላ ቤቱ ውስጥ አኝዋክኛ ተሰማ።

እንግዲህ ትችቴን ልሰብስብ። የመጀመሪያው ስለ ቋንቋው ምክር ነው። “ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል” የሚለው ነገር ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በተለያዩ አገሮች ሁለት ቋንቋ በሚሰሙና አንድ ቋንቋ ብቻ በሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሁለተኛው ቋንቋ ዕድገታቸውን እንደጎዳ አላገኙም። ወላጅ የማይመቸውን ቋንቋ እንዲናገር ማስገደድ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውን እዚያ ቤት አይቻለሁ። አፉ የተያዘ ወላጅ ልጁን አያናግርም። የማይናገር ልጅ ያላት እናት ደግሞ ከሁሉም በላይ እንድትናገር እንጂ እንድትቆጥብ መመከር አልነበረባትም።

ሁለተኛው ስለ መጽሐፉ ነው። “አንብቡለት” ማለት ቀላል ነው። ምኑን? በጋምቤላ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትምህርት በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛና በመዠንግርኛ ይሰጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ወዳጄ ቤት በአኝዋክኛ የተጻፈ ምን እንዳለ ጠይቄ የወጣልኝ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመዝሙር መጽሐፍና የተማሪ መማሪያ ነው። ሦስቱም አክብሮት የሚገባቸው ናቸው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ጭን ላይ የሚቀመጡ ግን አይደሉም። አገሪቱ ስለ ንባብ ስትጨነቅም ጋምቤላ ከዝርዝሩ ትወጣለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በ6 ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ሲያሳይ ሁላችንም ደነገጥን። ከ2012 ጀምሮ ትልቅ የንባብ ፕሮግራም ተዘርግቶ በ7 ቋንቋዎች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲያኛ መጻሕፍት ተዘጋጁ። መልካም ሥራ ነበር። ከሰባቱ አንዱ ግን የጋምቤላ አይደለም። ያ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 ፈርሷል፤ ስምንተኛውን ቋንቋ ከሱ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ።

ሦስተኛው ስለ ርቀቱ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሳላነሣ ስለ ኦቲዝም መጻፍ አልችልም። ለልጃቸው ለጆጆ የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። የፊደላችንን ድምፆች መነሻ ያደረገ “አቡጊዳ ፎኔቲክስ” የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ ምክንያት አጣናቸው። ዘዴው ከባለሙያ መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት እናት በራሷ ቋንቋ ድምፅ ውስጥ ልጇን ስትፈልግ የተገኘ መሆኑን ልብ በሉ። የዓሣዋ ዜማ ከዚህ የራቀ ዘመድ አይመስለኝም። ከእሳቸው በኋላ ነህምያን የመሳሰሉ ማዕከላት መጥተዋል፤ እሱም አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው 102 አሳዳጊዎችን ያነጋገረው ጥናትም የተካሄደው እዚያው አዲስ አበባ፣ ክሊኒክ መድረስ ከቻሉት መካከል ነው። በራፍ ላይ ያልደረሰውን ሰው ማን ይቁጠረው?

መፍትሔ የሚመስል ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፣ አሠልጣኙ ስፔሻሊስት እንዲሆን አይጠይቅም። ዋና ሐሳቡም ወላጅ በዕለት ተዕለት ሥራና ጨዋታ ውስጥ ከልጁ ጋር እንዲገናኝ መርዳት ነው። አገራችን ውስጥም ተሞክሯል። እንዲህ ያለው ነገር በጤና ኤክስቴንሽን በኩል ጋምቤላ ቢደርስ፣ በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በመዠንግርኛ፣ እናት 770 ኪሎ ሜትር ሄዳ ዝም እንድትል አትመከርም ነበር።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ተከራከረኝ፤ ክርክሩን መደበቅ የለብኝም። “ጥሩ ነው” አለ። “ግን ልጁ ነገ ከፍ ሲል ትምህርቱ አማርኛና እንግሊዝኛ ነው። ሆስፒታሉ አማርኛ ነው። ፖሊሱ አማርኛ ነው። እኔ አማርኛ ባላውቅ መምህር እሆን ነበር? የማይናገር ልጅ አንድ ቋንቋ ብቻ ከቻለ የትኛውን ልስጠው?” ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የልጁን የወደፊት እንጀራ የሚያስብ አባት ጥያቄ ነው። ያለኝ መልስ ይህ ብቻ ነው፤ ልጁ መጀመሪያ ከሰው ጋር መነጋገር ዋጋ እንዳለው ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚያስተምረው ደግሞ በሙሉ አፉ የሚናገርለት ሰው ነው። አንተ በአማርኛ አናግረው፤ ያንተ አማርኛ ሙሉ ነው። እሷ በአኝዋክኛ ታናግረው። ከዲሴምበር 2013 በኋላ ከደቡብ ሱዳን ተሰዳ መጥታ ኩሌ ወይም ጄዊ መጠለያ ውስጥ ያለች እናትም እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖራት፣ በኑዌርኛዋ ታናግረው። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ፤ ሙሉ በሙሉ የተስማማ ግን አልመሰለኝም።

የመጨረሻው ትችቴ ራሳችንን፣ ጻፊዎቹን ነው። በየጊዜው “ልጆቻችሁን አንብቡላቸው” የሚል ዘመቻ እናስነሣለን። እኔም ጽፌያለሁ። ኦቲዝም በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1943 በሊዮ ካነር ሲገለጽ የተጠኑት 11 ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ምዕራባውያኑ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በእናት ላይ ጫኑት፤ እናት ፍቅሯ ስለቀዘቀዘ ነው ልጁ የተዘጋው አሉ። ስህተት መሆኑ እስኪታወቅ ስንት እናት አለቀሰች! እኛ ጋ ደግሞ እርግማን ነው፣ ክፉ መንፈስ ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ይባላል። አሁን እኛ የተማርነው በዚያ ላይ ሌላ እንጨምርላታለን፤ “ስላላነበብሽለት ነው።” መጽሐፍ አለማንበብ ኦቲዝም አያመጣም። መጽሐፍ ማንበብም አያድነውም። መጽሐፍ አብሮ መቀመጫ ነው። ማንበብ የማትችል እናትም ልትቀመጥበት ትችላለች፤ ሥዕሉ እስካለ፣ አፏ እስካልተያዘ ድረስ።

ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ወዳጄ ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ባሮ መሙላት አወራን። ስለ ልጁ ሳልጠይቀው ነገረኝ። የዓሣው ገጽ ተገንጥሎ ወድቋል። ልጁ ገጹን ብቻውን ይዞ ይዞራል፤ ማታ ማታ አያቱ ጋ፣ ትልቋ እማማ ጋ፣ ይወስደዋል። ጭናቸው ላይ ያስቀምጥና ይጠብቃል።

“እሳቸውስ ምን ይላሉ?” አልኩት።

“ዜማውን ይላሉ። ያውም እየሳሳቱ። ሲሳሳቱ ይመታቸዋል” አለና ሳቀ። ከዚያ ቆም ብሎ፣ “ሌላ መጽሐፍ ላክልን። ባቡር የሌለበት” አለኝ።

ፍለጋ ላይ ነኝ። እስካሁን ያየሁት ሁሉ ባቡር አለበት።